ኮሚክ ደራሲ ያስፈልገዋል፤ ከድሬዳዋ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን እዚህ ድሬ ብዙ ሰው እየተቀባበለ ያነበበው አንድ ጽሑፍ አለ። ስለ ኮሚክ፣ ማለትም በተከታታይ ሥዕልና በንግግር ታሪክ ስለሚነገርበት መጽሐፍ ነው። ጸሐፊው ወጣቶቻችን የኮሚክ ታሪክ እንጽፋለን ብለው ጊዜያቸውን ባይጨርሱ ይሻላል ይላሉ። ምክንያታቸው ባጭሩ ይሄ ነው። ኮሚክ የሰዓሊ ሥራ ስለሆነ መሳል የማይችል ሰው አያገባውም። ታሪክ መጻፍ የሚችል ሰው ደግሞ ታሪኩን ቆራርጦ ለሰዓሊ ከመስጠት ውጪ የሚማረው ነገር የለም። አማርኛ ለኮሚክ አይመችም። ነገሩ ከባህላችን ውጪ ነው፣ የልጆች መጫወቻም ነው። ድሬዳዋ ለታሪክ የሚሆን ነገር የላትም። በመጨረሻም ገበያ የለውም፤ ገንዘብ ቢገኝ እንኳ ደራሲና ሰዓሊ ተጣልተው ይለያያሉ።

ጽሑፉን ደጋግሜ አነበብኩት። ጸሐፊው ክፉ አስበው የጻፉት አይመስለኝም፤ ለልጆቹ አስበው ነው። እኔ ግን ከእነዚሁ ልጆች ጋር ቁጭ ብዬ ስክሪፕታቸውን የማነብ ሰው ነኝ። ጽሑፉ ከተሰራጨ ወዲህ ከመካከላቸው ጎበዟ ልጅ ደብተሯን ይዛ መምጣት ትታለች። ዝም ብል ለእሷ ጥሩ አይሆንም። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

በመሳሉ ልጀምር። ሁለቱንም አንድ ላይ የሚሠሩ፣ የሚጽፉም የሚስሉም ሰዎች እርግጥ አሉ። ግን እጅግ ብዙ የታወቁ ኮሚኮች የጥንድ ሥራ ናቸው። የፈረንሳዩ ኮሚክ አስቴሪክስ እ.ኤ.አ. በ1959 ሲጀመር የጻፈው ጎሲኒ ነው፣ የሳለው ኡዴርዞ። ወደ አህጉራችን እንምጣ። ማርጌሪት አቡዌ የተወለደችው አቢጃን ነው። በ12 ዓመቷ ወደ ፈረንሳይ ሄደች። አድጋ ስለ ዮፑጎን ሰፈር፣ ስለ እ.ኤ.አ. 1970ዎቹ የአይቮሪኮስት ልጃገረዶች ጻፈች። ሥዕሉን ክሌማን ኡብሬሪ ሠራው። «አያ» የተባለው የመጀመሪያ መጽሐፋቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ወጣ። በዓመቱ ፈረንሳይ ውስጥ አንጉሌም ላይ በሚካሄደው ትልቅ የኮሚክ ፌስቲቫል ለመጀመሪያ ሥራ የሚሰጠውን ሽልማት ወሰደ። ታሪኩ ውስጥ የሚበር ሰው የለም። ጎረቤት ከጎረቤት ያወራል፣ አባት ይቆጣል፣ ጎረምሳ ይኩራራል፣ ልጅቷ ትምህርቷን መቀጠል ትፈልጋለች። ይህን ሁሉ ያየችው፣ ያዳመጠችው፣ የመረጠችው ደራሲዋ ናት።

የኮሚክ ደራሲ የሚጽፈው ስክሪፕት ነው። ስክሪፕቱን ሕዝብ አያነበውም፤ ሰዓሊው ነው የሚያነበው። የመጀመሪያው ትምህርት እዚህ ላይ ነው። ልብ ወለድ ለሺህ ሰው ትጽፋለህ፣ ስክሪፕት ግን ለአንድ ሰው። ያ ሰው ድሬን አይቶ የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ ከሆነ፣ በቀትር ፀሐይ ሰውን ሁሉ ጃኬት አልብሶ ይስልልሃል። ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ አልነገርከውም። ሰውየው ሽርጥ ማገልደሙን፣ ሴትዮዋ ድሪያ መልበሷን፣ ጥላው አጭር መሆኑን መጻፍ የደራሲው ሥራ ነው። ፎቶ አንስቶ መላክም ያው ነው።

ደራሲው መሳል ባይችልም አንድ ነገር ማድረግ አለበት። ገጹን ወረቀት ላይ በሳጥን ከፋፍሎ፣ ጭንቅላታቸው ክብ፣ እጅና እግራቸው መስመር የሆኑ ሰዎች አስገብቶ ማየት። ለማንም የሚታይ አይደለም። ንግግሩ ይገባ እንደሆነ፣ ሰዎቹ በቦታው ይበቁ እንደሆነ የሚታወቀው እንዲህ ነው። ይህን ደግሞ ማንም ሰው ይችላል።

ሁለተኛው ነጥብ ላይ ጸሐፊው ከራሳቸው ጋር ይጋጫሉ። ቅድም ደራሲ አያስፈልግም ብለው ነበር። አሁን ደራሲ የሆነ ሰው ሁሉን ያውቃል፣ ታሪኩን ቆራርጦ መስጠት ብቻ ይበቃዋል ይላሉ። እኔ ጠበቅ አድርጌ መመለስ የምፈልገው ይህን ነው፤ ጀማሪዎችን በጣም የሚያስተው እሱ ነውና።

በምሳሌ እንየው። እንዲህ የሚል የአጭር ልብ ወለድ አንቀጽ አለ እንበል። «ከድር ከምሳ በኋላ ከቤት ወጣ። ፀሐዩ ያቃጥላል። ሱቆቹ ተዘግተዋል። ባጃጁን ወዳቆመበት ዛፍ ሲደርስ ባጃጁ የለም። ደነገጠ። ዞር ዞር ብሎ አየ። ሁለተኛውን ቁልፍ ለወንድሙ መስጠቱ ትዝ አለው።»

ለልብ ወለድ ምንም አይልም። አሁን ቆራርጠህ ለሰዓሊ ስጠው። «ፀሐዩ ያቃጥላል» የሚለው እንዴት ይሳላል? «ዞር ዞር ብሎ አየ» አንድ ሥዕል አይደለም፤ ሦስት ነው። «ትዝ አለው» ጭራሽ አይታይም። ሰዓሊው የቻለውን ይስላል፣ ያልቻለውን ደራሲው ከሥዕሉ በላይ በጽሑፍ ይሞላዋል። ውጤቱ ሥዕል የተለጠፈበት ልብ ወለድ ይሆናል። አንባቢው «ከድር ደነገጠ» የሚል ያነባል፤ ከሥሩ ደግሞ የደነገጠ ከድር ያያል። አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ነገሩት።

ያንኑ ታሪክ እንደ ኮሚክ ደራሲ ስንጽፈው እንዲህ ይሆናል። ፓነል የምንለው ገጹ ላይ ያለውን እያንዳንዱን የሥዕል ሳጥን ነው።

ገጽ 1፣ አምስት ፓነል።

ፓነል 1፦ ሰፊ፣ የገጹን ወርድ የያዘ። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ከቀኑ 8 ሰዓት። ቀጥ ያለ መንገድ፣ ግራና ቀኝ ትልልቅ ዛፍ። የሱቅ በሮች ሁሉ ዝግ። መንገዱ ላይ ሰው የለም። ከሩቅ ሽርጥ ያገለደመ ወጣት ብቻውን ይመጣል። ንግግር የለም።

ፓነል 2፦ ትንሽ። የወጣቱ እጅ በቅርበት። የባጃጅ ቁልፍ በጣቱ ላይ እያሽከረከረ ነው።

ፓነል 3፦ የዛፍ ጥላ። መሬቱ ላይ የጎማ ምልክትና የዘይት ጠብታ። ሌላ ምንም የለም።

ፓነል 4፦ ልክ ፓነል 2ን ያህል፣ በዚያው ማዕዘን። ያው እጅ። ቁልፉ ቆሟል።

ፓነል 5፦ የከድር ፊት። ከድር፦ ሁለተኛውን ቁልፍ ለወንድሜ…

ገጽ 2፣ ፓነል 1፦ ትልቅ። የከድር ቤት ግድግዳ። ሁለት ምስማር ተመቷል፤ ሁለቱም ባዶ ናቸው። የከድር ድምፅ፦ …ራሴ ነኝ የሰጠሁት።

ይህን ገጽ ከአንቀጹ ጋር አስተያዩት። «ደነገጠ» የሚለው ቃል ጠፍቷል። ድንጋጤው ግን አልጠፋም። ያለው በፓነል 2 እና በፓነል 4 መሀል ነው። ቁልፉ ሲሽከረከር አይተናል፤ ቀጥሎ ቆሞ አየነው። ሲቆም ግን ማንም አልሳለውም። ያንን ያደረገው አንባቢው ነው። በፓነልና በፓነል መሀል ያለችው ነጭ ክፍተት ባዶ ቦታ አይደለችም፤ አንባቢው የሚሠራባት ቦታ ናት። የኮሚክ ደራሲ ዋና ሥራ የትኛውን ቅጽበት አሳይቶ የትኛውን ለዚያች ክፍተት እንደሚተው መወሰን ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

«ፀሐዩ ያቃጥላል» የት ሄደ? በተዘጉት ሱቆችና ሰው በሌለበት መንገድ ውስጥ ነው። ድሬ ላይ በዚያ ሰዓት ሱቅ ለምን እንደሚዘጋ የማያውቅ አንባቢ ቢኖር እንኳ የዛፉን ጥላና ባዶውን አስፋልት አይቶ ይገባዋል። ሰፊው ፓነልም በከንቱ አልሰፋም። ሰፊና ዝም ያለ ፓነል ላይ ዓይን ይቆያል፣ ጊዜው ይረዝማል። ጠባብ ጠባብ ፓነል ሲደረደር ደግሞ ዓይን ይሮጣል። የታሪክህን ፍጥነት የምትቆጣጠረው በዚህ ነው።

ገጽ የመግለጥ ነገርም አለ። ከግራ ወደ ቀኝ በሚነበብ መጽሐፍ ገጽ 1 በስተቀኝ ነው የሚውለው፤ ገጽ 2ን ለማየት መግለጥ ያስፈልጋል። ስለዚህ ጥያቄው በገጽ 1 መጨረሻ፣ መልሱ በገጽ 2 መጀመሪያ ይቀመጣል። መልሱ ፊት ለፊት ካለው ገጽ ላይ ከወደቀ፣ አንባቢው ሳያስበው ዓይኑ ቀድሞ ያየዋል፤ ነገሩ ተበላሸ ማለት ነው። ልብ ወለድ ጸሐፊ በየትኛው ገጽ ምን እንደሚውል አይጨነቅም። የኮሚክ ደራሲ ግን ከመጀመሪያው ይህን ይቆጥራል።

አንድ ሌላ ነገር፦ አንድ ሰው በአንድ ፓነል የሚያደርገው አንድ ነገር ነው። «ተነስቶ በሩን ከፍቶ ወጣ» ብለህ በአንድ ፓነል ከጻፍክ ሰዓሊው የቱን ይሳል? መነሳቱን? መክፈቱን? ከልጆቹ ስክሪፕት ውስጥ በብዛት የማገኘው ስሕተት ይሄ ነው፤ ሲነገራቸው ደግሞ ቶሎ ይተዉታል። የሚማሩት ነገር የለም የሚባለው ስለማይዋጥልኝ ነው ይህን ሁሉ የማነሳው። በዓለም ላይ ትምህርት ቤት የተከፈተለት ሙያ ነው እኮ። አሜሪካ ኒው ጀርሲ ውስጥ የኩበርት ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ያስተምራል። ጃፓን ውስጥ ኪዮቶ ሴይካ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2006 ማንጋን፣ የጃፓኑን ኮሚክ፣ ራሱን የቻለ ፋኩልቲ አድርጎታል።

ድሬ ላይ እንዲህ ዓይነት ትምህርት ቤት የለም፤ እውነት ነው። ትምህርት ቤት ሳይኖር የሚሠራ አንድ ልምምድ ግን አለ። አንድ ጥሩ የኮሚክ ገጽ ስልክህ ላይ ክፈት። ንግግሩን በጣትህ ሸፍነህ ታሪኩን ለመከተል ሞክር። ከዚያ ገጹን እያየህ ስክሪፕቱን ወደ ኋላ ጻፈው። ፓነል 1 ምን ይላል፣ ለሰዓሊው ምን ተነግሮት ይሆን እንዲህ የሳለው፣ ከዚህ ፓነል ወደዚያ ሲዘል ምን ተዘለለ? ይህን በትጋት የሠራ ልጅ የራሱን መጻፍ ሲጀምር እጁ የተለየ ነው። መጀመሪያውንም በአራት ገጽ ታሪክ ቢጀምር ይሻላል። በገጽ አምስት ፓነል ቢሆን ሃያ ፓነል ነው። ሃያ ቅጽበት ብቻ አለህ ሲባል ምን እንደሚጣልና ምን እንደሚቀር ማሰብ ግድ ይላል። ሁለት መቶ ገጽ አስበው የተነሱ ብዙ ልጆች አውቃለሁ፤ ገጽ ስድስት ላይ ሰልችቷቸው ይቆማሉ።

ወደ አማርኛው ልሂድ። ጸሐፊው የአማርኛ ቃል ረጅም ነው፣ ንግግር የሚጻፍባትን ክብ፣ ልጆቹ ባብል የሚሏትን ይሞላታል ይላሉ። ነገሩን ገልብጠው አይተውታል። በአሜሪካ ኮሚክ ውስጥ የቆየ አንድ የአሠራር ልማድ አለ፤ ስድስት ፓነል ባለው ገጽ በአንዱ ፓነል ከ35 ቃል አትለፍ የሚል። ይህ ለእንግሊዝኛ ነው። በእኛ ግን «አልነገርኳችሁም» አንድ ቃል ነው። ማን ለማን እንዳልነገረ፣ ያለፈ ነገር መሆኑም አብሮ ገብቶበታል። ስለዚህ የአማርኛ ባብል በጣም ጥቂት ቃል ይበቃዋል። ቃል ሳይሆን መስመር ቁጠሩ እላቸዋለሁ። ባብሏ ከሦስት መስመር ካለፈች ሰውየው ንግግር እያደረገ ነው፤ ወይ ይቆረጥ፣ ወይ ሌላ ፓነል ይሰጠው።

ከዚያም በላይ አማርኛ ለኮሚክ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። ግሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ቅድም «ሁለተኛውን ቁልፍ ለወንድሜ…» ብለን ገጹን ስንገልጥ የጨረስነው በዚህ ነው። ጣለው? ደበቀበት? ሰጠው? ግሱ እስኪመጣ አይታወቅም። ሰዎች ሲያወሩም እንዲሁ ነው፤ ግሱ ጋ ሳይደርሱ ዝም ይላሉ፣ ሌላው ይጨርስላቸዋል። ደራሲው ይህን ጆሮው ውስጥ ካስገባ ግሱን በሚቀጥለው ፓነል አስቀምጦ አንባቢውን መጎተት ይችላል።

አንቱታም አለ። ድሬ ላይ አንቱታ እምብዛም ነው፤ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ማለት ድሬ ላይ እንደ ንቀት አይቆጠርም። እንግዲህ አንድ የድሬ ልጅ ከሌላ ከተማ ለመጡ ሽማግሌ «አቦ፣ አንተ ቁጭ በል እንጂ!» ብሎ ወንበር ሲሰጥ አስቡት። የሽማግሌው ፊት በሚቀጥለው ፓነል ይጨልማል። አንድም ማብራሪያ ሳይጻፍ ሁለት ከተማ ተጋጨ። ሁለት ባብልና ሁለት ፊት በቂ ነው። ይህን በሌላ ቋንቋ ለመሥራት ስንት ገጽ ይፈልግ ይሆን!

ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም፤ ስለዚህ ጩኸት በፊደል መጠንና ውፍረት ይገለጻል። ደራሲው ስክሪፕቱ ላይ «ይጮሃል» ብሎ መጻፍ አይርሳ። ድምፅን በተመለከተ ግን ልጆቻችን «ቡም» እና «ባንግ» ሲጽፉ አዝናለሁ። አማርኛ በድምፅ ሞልቷል። ጥፊው ጧ ይላል፣ ውሃው ፏ ይላል፣ ወፏ ቱር ትላለች። ሐረር ጀጎል ውስጥ የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ስሙ ራሱ መኪና ግርግር ነው፤ ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ የመጣ። ድምፅን ለመንገድ ስም ያደረገ ሕዝብ መሀል ተቀምጦ ከውጭ ድምፅ መዋስ ለምን ያስፈልጋል?

ሌላው የቋንቋ ነገር የድሬ ሰው በአንድ ጨዋታ ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ መቀላቀሉ ነው። ጸሐፊው ይህን እንደ ችግር ያነሱታል። በኮሚክ ውስጥ መፍትሔው የታወቀ ነው። ሰውየው ሌላ ቋንቋ ሲናገር ንግግሩ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ይገባና አንድ ጊዜ ብቻ ከሥር «ከሶማልኛ የተመለሰ» ተብሎ ይጻፋል። ከዚያ በኋላ አንባቢው ቅንፉን ባየ ቁጥር ያውቃል። ቀፊራ ገበያ ውስጥ ሦስት ሴቶች ሲከራከሩ፣ ዋጋው በአንዱ ቋንቋ፣ ስድቡ በሌላው፣ እርቁ በሦስተኛው ሲሆን ማሳየት ይቻላል ማለት ነው።

የልጆች መጫወቻ ነው ለሚለው ረጅም መልስ አያስፈልግም። ናዚዎች በአይሁዶች ላይ ያደረሱትን እልቂት በኮሚክ የተረከው «ማውስ» እ.ኤ.አ. በ1992 የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል። ልጅ የሚያነበው ኮሚክ አለ፣ አዋቂ የሚያነበው አለ። ለልጅ መጻፍስ ቢሆን ምን ነውር አለው?

ከባህላችን ውጪ ነው የሚለው ግን ቁም ነገር ያለው ክርክር ነው። የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ የያዘውን የሸራ ሥዕል ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። አንድ ሸራ ላይ ብዙውን ጊዜ 44 ትንንሽ ሥዕሎች በረድፍ ተደርድረው፣ ከሥራቸው አማርኛ ጽሑፍ ተጽፎ፣ ዘንዶው ከመገደሉ ጀምሮ ታሪኩ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ሳጥን አለው፣ ቅደም ተከተል አለው፣ ጽሑፍ አለው። የቤተ ክርስቲያን ግድግዳም የቅዱሳንን ተአምር በተከታታይ ያሳያል። በሥዕሎቹ ውስጥ ደግሞ አንድ የቆየ ሥርዓት አለ። ጻድቁ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ይሳላል፤ ክፉው በጎን፣ በአንድ ዓይን። ይህ ለኮሚክ ደራሲ ወርቅ ነው። አንድ ሰው ከገጽ 1 እስከ ገጽ 3 በጎን ብቻ ይሳል ብለህ ስክሪፕት ላይ ጻፍ። ገጽ 4 ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ወደ አንባቢው ያዙር። የኢትዮጵያ አንባቢ ምክንያቱን መናገር ባይችል እንኳ የሆነ ነገር እንደተለወጠ ይሰማዋል።

ልዩነት እንዳለ አልክድም። የሳባን ሥዕል የሚያይ ሰው ታሪኩን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ሥዕሉ ያስታውሰዋል። የኮሚክ አንባቢ ግን ቀጥሎ የሚመጣውን አያውቅም፣ ማወቅም የለበትም። መማር ያለብን ይህን ነው። ሥዕልን በቅደም ተከተል ማንበብ ግን ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ የሆኑበትን ልናገር። ልጆቻችን የአሜሪካን ጀግና ወስደው ስሙን አበበ ወይም አብዲ ብለው ካባ ያለብሱታል ብለዋል። እውነት ነው፤ እኔም እንዲህ ዓይነት ደብተር በብዛት አይቻለሁ። ግን ይህ የጀማሪ ጠባይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው «ጀምበር» የተባለው የልዕለ ኃያል ኮሚክ አዲስ አበቤ ወጣት ይዞ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ቀርቧል። ጀግናም ቢሆን ከራስ ሰፈር መነሳት እንደሚችል አሳይቷል። ልጆቹ መሸጋገሪያ ያስፈልጋቸዋል እንጂ ተዉት ሊባሉ አይገባም።

ድሬ ለታሪክ የሚሆን ነገር የላትም የሚለውን ሳነብ ግን እውነቱን ለመናገር ተናደድኩ። ይህቺ ከተማ የተወለደችው የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ሲደርስ ነው። አዲስ አበባ እስኪደርስ ደግሞ እ.ኤ.አ. 1917 ሆነ። በዚያ ሁሉ ዓመት የሐዲዱ ጫፍ ቆይቶ ወደፊት እየተገፋ፣ ሠራተኛው፣ ነጋዴው፣ አስተርጓሚው፣ ግመል ነጂው እዚህ ተገናኝቷል። ምድር ባቡር ግቢ ውስጥ የሠሩ አዛውንቶች ዛሬም ከተማዋ ውስጥ አሉ። አንዱ አጠገብ ሄዶ ሎኮሞቲቭ እንዴት እንደሚነሳ፣ ማን በየት እንደሚቆም፣ ፉጨቱ ስንት ጊዜ እንደሚነፋ መጠየቅ ነው። ደራሲው ይህን ካልጠየቀ ሰዓሊው ከየት ያመጣዋል?

ደቻቱ ደግሞ አለ። ከዚራን ከመጋላ የሚለየው ወንዝ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል። ዝናቡ የሚዘንበው ላይ፣ ደጋው ላይ ነው። ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ጎርፉ ሊመጣ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ይህን የሚጽፍ ሰው በጥንቃቄ ይጻፈው፤ ቤተሰቡን ያጣ ሰው ጎረቤታችን ነው። እኔ ብጽፈው ጎርፉን ራሱን አልሳለውም ነበር። ደረቅ አሸዋ፣ ከሩቅ ተራራው ላይ ጥቁር ደመና፣ አሸዋው ላይ የልጅ ኳስ፣ ቀና ብላ ደመናውን የምታይ እናት። ከዚያ ገጹ ይገለጣል፤ የሚቀጥለው ገጽ የነጋበት ጠዋት ነው። ሌሊቱን የድሬ ሰው ያውቀዋል፤ ክፍተቱን እሱ ይሞላዋል።

ሐረርንም አንርሳ። ከጀጎል በሮች ውጪ ሌሊት ጅብ የሚያበላ ሰው አለ። ቱሪስት ፎቶ የሚያነሳው ሥጋውንና ጥርሱን ነው። የኮሚክ ደራሲ ግን ቀን ላይ ይሂድ፤ ሰውየው ሥጋውን ከየት እንደሚያመጣ፣ ልጁ መጀመሪያ ጊዜ አብሮት ሲወጣ እጁን የት እንደሚያስቀምጥ ይይ። ታሪኩ ያለው ልጁ እጅ ላይ ነው።

የቀረው ገበያ ነው። ማተሚያ ውድ ነው፣ ባለ ቀለም ሲሆን ይብሳል፤ በዚህ አልከራከርም። ግን ዛሬ ሰው የሚያነበው በስልክ ነው። ኮሪያውያን ኮሚክን ለስልክ ብለው ከላይ ወደ ታች በሚንሸራተት መልክ መሥራት ከጀመሩ ቆይቷል። በዚያ መልክ የሚገለጥ ገጽ ስለሌለ ደራሲው መልሱን የሚደብቀው በሁለት ፓነል መሀል ረጅም ክፍተት በመተው ነው። አራት ገጽ ሠርቶ በቴሌግራም ለጓደኛ መላክ ገንዘብ አይጠይቅም። መጀመሪያ አንባቢ ይገኝ፤ ሽያጭ ያለ አንባቢ አይመጣም።

ደራሲና ሰዓሊ ይጣላሉ የሚለው ግን እውነተኛ ስጋት ነው፤ ጸሐፊው ይህን በማንሳታቸው አመሰግናቸዋለሁ። ሁለት ዓይነት አሠራር አለ። አንደኛው ከላይ እንዳየነው ፓነል በፓነል መጻፍ ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ማርቭል በተባለው የአሜሪካ የኮሚክ አሳታሚ ውስጥ ደራሲው ስታን ሊ ከጃክ ከርቢና ከሌሎች ሰዓሊዎች ጋር ይሠራበት የነበረው ነው። ደራሲው የታሪኩን ሐሳብ ባጭሩ ይሰጣል፣ ሰዓሊው ገጹን ከፋፍሎ ይስላል፣ ደራሲው ተመልሶ ንግግሩን ይጽፋል። አንድ ሰፈር ለሚኖሩ፣ ማታ ማታ ለሚገናኙ ሁለት ጓደኞች ይህ ሁለተኛው ይመቻል። ግን ታሪኩን ማን ፈጠረው የሚል ጥያቄ ያመጣል፤ ምክንያቱም በዚህ አሠራር ሰዓሊውም ታሪክ ፈጣሪ ነው። ከርቢ እ.ኤ.አ. በ1994 ሞተ። በሥራዎቹ መብት ላይ ወራሾቹ ከኩባንያው ጋር ተካሰው የተስማሙት እ.ኤ.አ. በ2014 ነው።

ስለዚህ ለልጆቹ የምነግራቸው የመጀመሪያው ፓነል ሳይሳል አንድ ወረቀት ላይ አራት ነገር እንዲጽፉ ነው። ሽፋኑ ላይ የማን ስም እንዴት እንደሚወጣ፣ ገንዘብ ቢገኝ እንዴት እንደሚካፈሉ፣ ገጸ ባሕርያቱ የማን እንደሆኑ፣ አንዱ ቢያቋርጥ ሌላው ብቻውን መቀጠል ይችል እንደሆነ። ሁለቱም ይፈርሙበታል፤ ሁለቱም አንድ አንድ ቅጂ ይይዛሉ።